የጓዳና የጓሮ ጥያቄዎች፦ በጅማ ዝናብ በርበሬ መቼ ይደለዛል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ በመሆኑ መልሱም ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ካገባሁ ሦስት ዓመቴ ሲሆን፣ የምንኖረው ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በማና ወረዳ፣ ባለቤቴ ከወላጆቹ ባገኘው ግማሽ ሄክታር በማይሞላ የቡናና የበቆሎ ይዞታ ላይ ነው። ዘንድሮ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ 10 ኪሎ ዛላ በርበሬ ገዝቼ ደለዝሁ። ለማድረቅ ባሰጣሁት ማግሥት ዝናብ ጀመረ፤ ቤት ውስጥ አስገብቼ ብዘረጋውም በሳምንቱ ነጭ ሻጋታ አወጣ። አማቴም «ሙያሽን ከአገርሽ ይዘሽ መጣሽ፤ ዝናባችንን ግን አልጠየቅሽም» አሉኝ። የሻገተውን ከላይ አንሥቼ የቀረውን ባምሰው ይበላል? ሌላም ጭንቀት አለብኝ። አማቴ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ በቆሎ ሰቅለው ያጨሱታል። ሁለት ዓመት የሆነው ልጃችን በጭሱ ስለሚያስለው፣ ጭስ ማውጫ ያለው ማድ ቤት እንዲሠራልን ባለቤቴን ብጠይቀው በእናቱና በእኔ መካከል ተቸገረ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ የሚያስከፋዎትን አስቀድሜ ልንገርዎት። የሻገተ በርበሬ አይበላም፤ ላዩን ጠርጎ የቀረውን ማመስም አያድነውም። በዓይን የሚታየው ሽፋን የሻጋታው ጥቂት ክፍል ሲሆን ክሩ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ አንዳንዱ የሻጋታ ዓይነት ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይተዋል። ይህን መርዝ የምጣድም ሆነ የወጥ እሳት አያጠፋውም። ለከብትና ለዶሮም አይስጡት፤ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት። የወጣበት ገንዘብና የፈሰሰበት ጉልበት እንደሚያንገበግብዎት አውቃለሁ። እኔም ገና ጎጆ በወጣሁበት ዘመን እንዲሁ አንድ ድልዝ ስቀብር እንባዬ መጥቶ ነበር።

ስሕተቱ ያለው በቀኑ ምርጫ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም አገር ስትሆን፣ መስቀል ሲያልፍ ዝናቡ ይቆርጣል፤ ነፋሱም ያግዛል። ጅማ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና እርጥብ አገር ናት፤ ክረምቱም ቀስ እያለ የሚወጣ በመሆኑ ጥቅምት ውስጥ ጭምር ደጋግሞ ይዘንባል። ዛላው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ሳምንት በተቋቋመው ነበር። ድልዝ ግን የደረቀውን በርበሬ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በበሶብላና በጤና አዳም እንደገና የሚያረጥብ ሥራ ነው። እርጥብ ሆኖ ሙቀት ባለበት ቤት ውስጥ ተከምሮ ሲያድር፣ ለሻጋታ የተደገሰለት ድግስ ይሆናል።

በእርስዎ አካባቢ ለድልዝ የሚታመነው ፀሐይ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ይመለሳልና አይዘግዩ። ይህን ጊዜ የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና የሚለቀምበት ወቅት እንደመሆኑ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ሳይቀሩ፣ እጃቸው ቡናው ላይ ነው፤ ማድረቂያ አልጋውም ተይዟል። ቡናው ከአልጋው ሲወርድ ግን እጅም ቦታም ይገኛል፤ የዓመቱም አዲስ ዛላ ገበያ ላይ ይሆናል። በአልጋው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው በርበሬውን ሊያሰጡበት ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አልጋው ላይ ገና ያልወረደ ቡና ካለ በርበሬውን ከጎኑ አያስጡት። ቡና የአካባቢውን ሽታ ፈጥኖ ይወስዳል፤ በርበሬ በርበሬ የሚል ቡና ገዢ ፊት ማቅረብ አይፈልጉም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ 10 ኪሎውን በአንድ ጊዜ ከመደለዝ ይልቅ 5 ኪሎ 5 ኪሎ አድርገው በሁለት ዙር ይሥሩት፤ ሰማዩ ቢከዳዎት እንኳ ግማሹ ይተርፋል። ዛላውን ሳይቀነጥሱ እንደገና ፀሐይ ያስመቱትና፣ ሲወዘወዝ ፍሬው ውስጡ የሚንሿሿ፣ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ደርሷል። ድልዙ ተሸፍኖ የሚያድረው ቅመሙ እንዲዋሐደው ነውና ሁለት ሌሊት ይበቃዋል፤ ከዚያ በስሱ ተሰጥቶ፣ በየሰዓቱ እየተገላበጠ፣ ጤዛ ሳይነካው ከምሽቱ በፊት ይግባ። ኮረሪማውን፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱን፣ ጥምዙን ለየብቻ ለስለስ ባለ እሳት አምሰው የሚጨምሩት ድልዙ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው። ከኮረሪማው አይቆጥቡ፤ ያሉት በተወለደበት አገር ነው።

ብዙ ባለሙያ ሴቶች ሳይቀሩ የሚስቱት መጨረሻውን ነው። በርበሬው ከወፍጮ ሲመለስ ሞቃት ነው። በዚያው ትኩሳቱ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ከተከደነ፣ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና በሦስተኛው ወር ሻጋታው ከላይ ይጀምራል። ሰፊ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ እጅዎን ሲያስገቡበት ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ ካቆዩት በኋላ ያስቀምጡት። እርጥብ ማንኪያ የሚያስገባበትን ሰው፣ ባለቤትዎም ቢሆኑ፣ ይቆጡት።

ስለ ቆጡ ደግሞ አማትዎ ያለ ምክንያት አላደረጉትም። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ በቆሎ በሙቀቱ ይደርቃል፤ ጭሱም ነቀዝን ያርቃል። ለዘር የሚቀመጠውን በዚህ መንገድ ማቆየት የቆየ፣ የሚያዋጣም ጥበብ ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎችን በትሕትና ያንሡላቸው። አንደኛው፣ የተሰቀለው ከገበያ የተገዛ ዲቃላ ዘር ያፈራው ነው ወይስ የቤቱ የቆየ ዘር? ዲቃላ ከሆነ ፍሬው ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለዘር ብሎ ማጨሱ ድካም ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የተሰቀለው ለዘር የሚበቃው ብቻ ነው ወይስ ለዓመት ቀለብ የሚሆነውም? ለዘር የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ የቀለቡ በቆሎ ግን ሕፃን በሚውልበት ቤት መጨስ የለበትም። የልጅዎ ሳል ቀልድ አይደለም፤ የማገዶ ጭስ የሕፃናትን ሳንባ በእጅጉ ይጎዳል፤ ሳሉ ካልተወውም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በዚህ ነገር ከእርስዎ ጋር ነኝ።

የቀለቡ በቆሎ በጎምቢሳው፣ ማለትም በጎተራው ውስጥ፣ ሳይፈለፈል እንዳለ ይድረቅና ሲፈለፈል በጨው ይፈትኑት። በደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ያህል ይወዝውዙት፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ ካልተለጠፈ ለማስቀመጥ ደርሷል። የደረሰው ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ባለው፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ጥብቅ ተደርጎ ቢታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት ሳያስፈልግ ወራት ይቆያል። እርጥቡን እንዲህ ያሠሩ እንደሆነ ግን ከረጢቱ ሲፈታ የሚያገኙት የሻገተ በቆሎ ነው።

እንግዲህ አዲሱ ማድ ቤት ለዕለት ምግብ ይሠራ፤ አሮጌው ጎጆ ከነቆጡ የአማትዎ ሆኖ ይቆይ፣ ጠዋት ቡና ይፈላበት፣ ዘሩም እዚያው ይሰቀል። ይህንንም በባለቤትዎ አፍ አይላኩት፤ በእናትና በሚስት መካከል የሚመላለስ ሰው ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል። ለቡና ሲቀመጡ ራስዎ ያንሡላቸው፤ ከዚያ በፊት ግን የዝናቡን ነገር ይጠይቋቸው። «ዝናባችንን አልጠየቅሽም» ያሉት ንግግር እንደ ወቀሳ ቢሰማም፣ ቢጠየቁ እንደሚናገሩም ያሳያል፤ ፀሐዩ በየትኛው ሳምንት እንደሚጸና ከእኔ ይልቅ ያንን ግቢ ለዓመታት የጠበቁት እርሳቸው ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ በግቢዬ ያሉኝ ሁለት የአቮካዶ ዛፎች በአንድ ጊዜ ያፈሩና ፍሬው ሁሉ በአንድ ሳምንት በስሎ ይበላሽብኛል። ጎረቤት ሁሉ የራሱ ስላለው የሚቀበለኝ የለም። ማቆያ ዘዴ አለው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ማቆያው ዛፉ ራሱ ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛፉን በአንድ ቀን ከማራገፍ ይልቅ የቤተሰቡን የሳምንት ፍጆታ ብቻ እየቆረጡ ያውርዱ፤ የቀረው ለሳምንታት ይጠብቅዎታል። ለሙከራ አንድ ሁለት ቆርጠው ቤት ያኑሩ፤ ሳይጨማደዱ ከለሰለሱ ዛፉ ደርሷል ማለት ነው። ሲቆርጡም ከጭራው ጥቂት ይተዉለት፤ መሬት ላይ አይጣል፤ የተመታው ፍሬ በዚያው በኩል ይጠቁራል። ልጆችዎ ጭማቂ ቤት የሚከፍሉበትን ስፕሪስ ቤት ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሎሚ ከተጨመቀበት ቶሎ አይጠቁርም። ያልጠየቁኝን ልጨምርና፣ ልጣጩን፣ ፍሬውንና ቅጠሉን ለዶሮዎችና ለፍየል አይጣሉ፤ ለእኛ የማይጎዳ ነገር እነርሱን ይመርዛል።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከሰቃ ጨቆርሳ። እናቴ ገበያ ስትሄድ ምሳ የማበስለው እኔ ነኝ። ጎደሬ ስቀቅል አንዳንድ ጊዜ ጉሮሯችንን ያሳክከናል፤ እጄም ይበላኛል። ታናሽ ወንድሜ ጎደሬ አልበላም ብሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ በጎደሬው ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ የሚያሳክካችሁ በሚገባ ሳይበስል ሲቀር ነው። ሳትልጪው አጥበሽ ቀቅይው፤ ልጣጩን ከበሰለ በኋላ ብታነሺው እጅሽንም አያሳክክሽም። ጥሬውን መላጥ ካለብሽ እጅሽን ዘይት ቀቢው። ሹካ ስትወጊው እስከ መሐሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስኪገባ ድረስ ይፍላ፤ የተቀቀለበትንም ውሃ ድፊው፣ ለሌላ ወጥ አትጠቀሚበት። ለወንድምሽ ደግሞ ትኩስ እያለ ፈርፍረሽ በጥቂት ንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ አሽተሽ ስጪው፤ ስሙን ሳትነግሪው።