ፕሮባዮቲክ ኮሌስትሮል ይቀንሳል ወይ? በራሴ ደም ያየሁት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ሥራ ሳልገባ ልመልስልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ኤልዲኤልሽ፣ ያ መጥፎ የሚሉት ኮሌስትሮል፣ 158 ወጥቷል። ሐኪምሽ ስታቲን፣ ኮሌስትሮል የሚያወርደውን ክኒን፣ ጀምሪ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ክኒኑን ፈርተሽ «ፕሮባዮቲክ (ለጤና ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ) ይተካልኛል ወይ? ከአሜሪካ በሰው ላስመጣ?» ብለሻል። እኔ የምኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ይህንኑ ነገር በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በዚሁ የተነሳ ቤቴ ውስጥ ያስደነገጠኝ ነገርም አለ። ስለዚህ ረዘም ቢል አትሰልቺብኝ።

በአጭሩ፣ ትንሽ ይቀንሳል። ክኒኑን ግን አይተካም።

ለምን እንደሚቀንስ ልንገርሽ። ጉበታችን ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሐሞቱ አንጀት ወርዶ ቅባት እንዲፈጭ ያግዛል። ሥራውን ሲጨርስ ወደ 95 በመቶ የሚሆነው ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሐሞትን ጨው የሚሰብር ኤንዛይም አላቸው። የተሰበረው እንደ በፊቱ በደንብ አይመጠጥም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበት ያጣውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በደም ምርመራ ላይ የምናየው ቅናሽ አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል።

ይህን ሥራ ግን ሁሉም ባክቴሪያ አይሠራውም። ሱቅ ስትገቢ መደርደሪያው ሙሉ ፕሮባዮቲክ ነው፤ አብዛኛው ለሆድ መነፋት ወይም ለተቅማጥ የተዘጋጀ ነው። የባክቴሪያ ስም እንደኛ ስም እስከ አያት ነው የሚሄደው። «ላክቶባሲለስ» የሚለው የራስ ስም በይው፣ «ሬውተሪ» የአባት፣ ከኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ የአያት። አበበ ከበደ ብለሽ ብትጣሪ ስንቱ አቤት ይላል? አያቱን ስትጠሪ ነው የምትፈልጊው ሰው የሚመጣው። ኮሌስትሮል ላይ በደንብ ከተፈተሹት አንዱ ላክቶባሲለስ ሬውተሪ ኤንሲአይኤምቢ 30242 ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 127 ሰዎች ለ9 ሳምንት ተከታትለዋል። ይህን ባክቴሪያ በካፕሱል የወሰዱት፣ ባዶ ካፕሱል ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ኤልዲኤላቸው በ11.64 በመቶ ወርዷል። ጥሩ ነው። ግን ስታቲን እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚያወርድ አብረሽ አስቢው።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። መጀመሪያ ስሞክር ኤልዲኤሌ 166 ነበር። ካፕሱሉን ሁዳዴ ሲገባ ጀመርኩ፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር። ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው ደም ሰጠሁ። 137! ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፣ ለእህቶቼ ሁሉ ደወልኩ። ውጤቱን ያነበበችልኝ ነርስ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እነዚህን ሁለት ወራት ምን ስትበዪ ነበር?» ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ። ከባክቴሪያው ይልቅ ጾሙ ሳይሆን አይቀርም የሠራው። ሞኝነቴ ያን ጊዜ ገባኝ።

ካፕሱሉ ሲያልቅ ተውኩት። ፋሲካ ገባ፣ ዶሮ ወጡም ክትፎውም ተመለሰ። ፍልሰታ ተፈታ፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ተለካሁ። 161። ይህን ጊዜ ግን አውቄ ነው የመረጥኩት። ከፍልሰታ እስከ ገና ጾም ድረስ ከረቡዕና ዓርብ ሌላ ጾም ስለሌለ አመጋገቤ ብዙም አይለዋወጥም። ያው ካፕሱል፣ ያው ምግብ፣ 9 ሳምንት። ኅዳር ላይ 146 ወጣ። 15 ነጥብ፣ ወደ 9 በመቶ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሆዴን ነፋኝ፣ ከዚያ ለመደ። እኔ የማምነው ይሄኛውን ቁጥር ነው።

ከዚያ ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንዱ አጃና በሶ ነው። አጃም ገብስም ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚያዝለገልግ አሰር አለ፤ በቀን 3 ግራም ከተገኘ ኤልዲኤልን ያወርዳል። እሱም ሐሞቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ነው የሚያስወጣው። የባክቴሪያው ሥራና የበሶው ሥራ መንገዳቸው አንድ መሆኑን ሳውቅ ገርሞኛል። እናቴ ስንቅ ብላ የምትቋጥርልኝ ነገር!

ሁለተኛው ቡናዬ ነው፤ ይሄኛው ከብዶኛል። የተፈላ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፣ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ትሮምሶ ከተማ ውስጥ በ1983 እ.ኤ.አ. ቡና በሚጠጡ ሰዎች ላይ ነገሩን ካሳዩ በኋላ፣ በተለይ የተፈላው ቡና እንደሆነ ታወቀ። የወረቀት ማጥለያ ያን ቅባት ያስቀራል። ጀበና ጫፍ ላይ የምንወትፈው ግን አተላውን እንጂ ቅባቱን አይዝም። እኔ በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳልል የማልነሳ ሰው ነበርኩ። አሁን የጀበናው ቡና ለቅዳሜና እሑድ ሆኗል፣ ሌላው ቀን በወረቀት የተጠለለ ነው። የካቲት ላይ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ስለካ 130 ሆነ። መሀል ላይ የገና ጾም ስላለ ሁሉንም ለአጃውና ለቡናው አልሰጥም።

እርጎስ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ እርጎ እወዳለሁ። እናቴ ቅሉን በወይራ ጭስ ስታጥን ቤቱን የሚሞላው ሽታ እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር፣ የረጋ ወተት በብዛት የጠጡ የማሳይ (የምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች) ወንዶች ኮሌስትሮላቸው መውረዱን ጽፏል። ለዚህ ሁሉ ምርምር አንዱ መነሻ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ውጤታቸው አንድ ዓይነት አልሆነም። የቤታችን እርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ «የአያት ስሙ» አይታወቅም፣ የሙሉ ወተት ቅባትም አለው። እርጎ ጠጪ፣ ከተቻለሽ ቅባቱ ከተቀነሰ ወተት፤ ወተቱን ሳታፈዪ ግን አታርጊ፣ ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የከብት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለኮሌስትሮል መድኃኒት ብለሽ ግን አትቁጠሪው። እንጀራን የጠየቀችም አለች፤ ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣድ ላይ ይሞታሉ።

አሁን ያስደነገጠኝን ልንገርሽ። ባለቤቴ ልቡ ላይ ስቴንት፣ የጠበበ የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገብቶለታል። ስታቲን የሚወስደው ለዚያ ነው፤ ኤልዲኤሉ 68 ነበር። የእኔን ካፕሱል የገዛሁበት ሱቅ ሻጩ «ይሄን ከወሰድክ ክኒን አያስፈልግህም» ይለዋል። አልነገረኝም። አንድ ቀን የአልጋ ዳር መሳቢያውን ሳስተካክል የስታቲኑን ጠርሙስ አገኘሁት። ቀኑን አየሁ፣ ሁለት ወር አልፎታል። አንቀጫቀጭኩት፣ ሙሉ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ተለካ፣ 139። ሐኪሙ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ ስቴንት ያለው ሰው ስታቲን ሲያቋርጥ ለድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ለስትሮክ እንደሚጋለጥ በዝግታ አስረዳው። ዛሬ ክኒኑን በየማታው እኔ ፊት ነው የሚውጠው። ስለዚህ ማንም ሰው በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ክኒኑን እንዳያቆም፣ በእግዚአብሔር።

ያንቺ ጉዳይ ከሱ ሊለይ ይችላል። ስኳርና ግፊት ከሌለብሽ፣ ቤተሰብ ውስጥም በወጣትነቱ በልብ የሞተ ከሌለ፣ ሐኪምሽን «ሦስት ወር በምግብ ልሞክርና እንደገና ልለካ?» ብለሽ ጠይቂው። እኔንም የፈቀደልኝ እንዲህ ብዬ ነው። ኤልዲኤሉ 190 ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን ይህን ጨርሶ እንዳያስብ። የካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም ሕያው ባክቴሪያ ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

ከአሜሪካ ማስመጣቱን እኔ አልመክርሽም። ውድ ነው፣ ባክቴሪያውም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሻንጣ ውስጥ በሙቀት ተንገላቶ፣ ጉምሩክ ሰንብቶ እጅሽ ሲገባ ስንቱ እንደተረፈ ማን ያውቃል? ገንዘቡን በሶና አጃ ግዢበት፣ ጀበናውን ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ።

አንድ ነገር አይቅር። ጿሚ እንደሆንሽ ጽፈሻል፣ አሁን ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነን። 158 የወጣልሽ ጾም ከገባ በኋላ ከሆነ፣ በፍስክ ቁጥርሽ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ደም የሰጠሽበትን ቀን ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ቀጣዩንም ከፋሲካ ወር ያህል ቆይተሽ አድርጊው።