ኦክ ስንት ዓይነት ነው? የትስ ይበቅላል?

“የኦክ ዛፍ ስንት ዓይነት ነው? የትስ ይበቅላል?” ብለው ለጠየቁት አባል፦ ዝርያው ወደ 500 ይጠጋል፤ ሁሉን አጠናለሁ ብለው አይድከሙ። የኦክ ችግኝ ሳፈላና ስተክል በኖርኩባቸው ዓመታት ከሁሉ የጠቀመኝ ነጭ ኦክና ቀይ ኦክ የሚባሉትን ሁለት ትልልቅ ወገኖች መለየት ነው።

የቅጠሉን ጫፍ በጣትዎ ይዳብሱት። የቀዩ ጫፍ ሹል ሆኖ እንደ ጸጉር የቀጠነች እሾህ ትወጣዋለች፤ የነጩ አብዛኛውን ጊዜ ዱልዱም ነው። ዋናው ልዩነት ግን ፍሬው ላይ ነው። የነጩ ፍሬ በዚያው ዓመት በስሎ ይወድቅና ብርዱ ሳይገባ ሥር ይሰዳል። የቀዩ ሁለት ዓመት ዛፉ ላይ ይቆያል፣ ከወደቀም በኋላ ቅዝቃዜ ካላገኘ አይበቅልም። ይህን ሳላውቅ አንድ ከረጢት ሙሉ የነጭ ኦክ ፍሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ከወራት በኋላ ብዘራው አንድም አልበቀለ። የኦክ ፍሬ እንደ ስንዴ ደርቆ የሚቀመጥ ዘር አይደለም፤ ከደረቀ ሞተ ማለት ነው።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ኦክ በአብዛኛው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዛፍ ነው። በዝርያ ብዛት ሜክሲኮን የሚያህል የለም፤ 160 ገደማ አላት። ቻይና ወደ 100 አላት። የቀይ ኦክ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። አውሮፓ በነጩ ወገን ትታወቃለች። በደቡብ አሜሪካ ኮሎምቢያ ተራሮች ላይ አንድ ዝርያ አለ። በአፍሪካ ደግሞ በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ይበቅላል። የጠርሙስ ቡሽ የሚገኝበት ኦክም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከሁለቱ ወገኖች ውጭ ነው፣ ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ቅርፊቱ በየ9 ዓመቱ ገደማ ቢገፈፍም ዛፉ አይሞትም፤ ብዙ ቡሽ የሚመጣው ግን ከፖርቱጋል ነው። (ግራቪሊያን “የሐር ኦክ” የሚሉ አሉ፤ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው እንጂ ከኦክ ጋር ዝምድና የለውም።)

ለመትከል ካሰቡ የዝርያውን የትውልድ አፈር ይጠይቁ። ፒን ኦክ የሚባለውን የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ዝርያ ኖራ በበዛበት አፈር ተክዬ ቅጠሉ በሁለተኛው ዓመት ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያ ብጨምርም ለውጥ አልነበረም። ለካ ቢጫ ያደረገው የብረት እጥረት ነው፤ አፈሩ ግን ብረት አላጣም፤ ኖራው ብረቱን አስሮ ዛፉ እንዳይወስደው ከልክሎት ነበር።

ያዩትን ዛፍ ፎቶ ሲልኩ ቅጠሉ ብቻ አይበቃም፤ ፍሬውን ከነቆቡ ይጨምሩበት።