አገር በቀል ሁሉ ደጋ አይወጣም

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢዬን በአገር በቀል ተክል ብቻ አለማለሁ ብዬ ዋንዛ ተከልሁ። ክረምቱን አምሮበት ከረመ፤ ኅዳር ላይ ቅጠሉ ጠቁሮ ግንዱም ደረቀ። ግቢው ጠባብ ነው፣ አፈሩም መረሬ። ምን ብተክል ይጸድቅልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋንዛውን የገደለው ውርጭ ነው። ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ይቸገራል። እርስዎ ያሉት 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ችግኝ ሻጩ «አገር በቀል ነው» ሲልዎት አልዋሸም። ግን አገራችን ከዳሎል እስከ ራስ ዳሽን ናትና፣ «የየትኛው ከፍታ?» ብሎ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው በአቅራቢያው ያለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ገብቶ ቀና ብሎ እንዲያይ ነው። እዚያ ያረጀ ዛፍ ውርጩን ስንት ዘመን ችሎታል።

በእርስዎ ሰፈር ኮሶ፣ ወይራና የሐበሻ ጽድ ያገኛሉ። ኮሶ ልብ ይሰርቃል፤ ይሁንና ሰፊ ጥላ የሚጥል ትልቅ ዛፍ ስለሆነ ለጠባብ ግቢ አንድ ይበቃል፣ እሱም ከግድግዳ ርቆ። ወንዴና ሴቴው በየዛፉ ለየብቻ ነው፤ ያ ቀይ የአበባ ዘለላ የሴቴዋ ነው። ችግኝ ሳለ ስለማይለይ ዕድልዎን ይሞክራሉ።

ጽድ ሲገዙ ይጠንቀቁ። በየገበያው «ጽድ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ከሥሩ ሣር እንኳን እንደ ልብ አይበቅልም። ዘሩ የተለቀመበትን ዛፍ ያሳዩኝ ይበሉ። የሐበሻው ፍሬ ለስለስ ያለች፣ ሰማያዊ ጥቁር የሆነች ትንሽ ድቡልቡል ናት፤ የፈረንጁ ግን እንጨት የመሰለ ደረቅ ኳስ ያፈራል።

ለጠባብ ግቢ ግን የእኔ ምርጫ ቁጥቋጦ ነው። ጌሾ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ለጠላውም ይሆናል። አሜጃ ቢጫ አበባ ይሰጣል። ቀጋ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ቀይ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል። ለአጥር ደግሞ ኮሽም፦ እሾሁ እንኳን ፍየል ሌባም ያስመልሳል። እኔ ስከረክመው ወፍራም የቆዳ ጓንት ሳላጠልቅ አልነካውም።

አሁን ወደ መረሬው። ክረምት ውሃ ይቋጥርና ሥር ያፍናል። ጉድጓድ ቆፍረው ሳይሆን አፈሩን ከጉልበት በታች ከምረው፣ ፍግ ቀላቅለው ጉብታው ላይ ይትከሉ። ጦስኝ ከወደዱ ጠጠር የበዛበት ዳገታማ ጥግ ይስጡት፤ ውሃ ካቆረበት ይበሰብሳል።

የችግኙን ፕላስቲክ ቀድደው ያውጡ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ የማልነቅልበት ዓመት የለም፤ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ፣ አፈሩን ሳይነካ ደርቆ። የተጠመጠመ ሥር ካገኙ ጫፉን በምላጭ ይቁረጡት፣ አይሳሱ።

ለውርጩ ደግሞ፣ ሐምሌ ተክለው ጥቅምት ሲጠባ ከችግኙ ዙሪያ አራት እንጨት ያቁሙ። ሲመሽ ጭድ ወይም ጆንያ ያልብሱት፣ ረፋድ ላይ ይግለጡት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አይሰልቹ። ጌሾውና ቀጋው በሁለተኛው ዓመት ይህን አይፈልጉም፤ ለኮሶው ግን አንድ ዓመት ይጨምሩለት።