ሳይነስና የቤት ውስጥ ማስታገሻ፦ ጠይቁኝ

ነርስ ነኝ። ራሴም በሳይነስ ለዓመታት ተሰቃይቻለሁ። የጠየቃችሁኝን በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጎንበስ ስል ፊቴ ይከብደኛል፣ የላይኛው ጥርሴንም ያመኛል። ጥርስ ነው ሳይነስ?

መልስ፦ ጉንፋን ይዞህ ከነበረ ሳይነስ ይመስላል። ከጉንጭህ አጥንት ውስጥ አየር የያዘ ክፍተት አለ፤ የላይኛው ጥርስህ ሥር እዚያው አጠገቡ ነው። መውጫው ሲያብጥ ንፍጡ ይታቆርና ይጫንሃል። አንድ ጥርስ ብቻ ለይቶ የሚጠዘጥዝህ ከሆነ ግን የጥርስ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ንፍጤ አረንጓዴ ሆነ። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አለ፣ ልዋጠው?

መልስ፦ አትዋጪው። ቀለሙ የሚመጣው ከሚዋጉልሽ ነጭ የደም ሴሎች ነው፤ በቫይረስም ያው ነው። አብዛኛው ሳይነስ ደግሞ የቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም።

ጥያቄ፦ በጨው ውሃ አፍንጫዬን ባጥበው አቃጠለኝና ተውኩት።

መልስ፦ እባክሽ አትተይው እህቴ! ከቤት መላዎች ሁሉ በጣም የማምንበት እሱን ነው። ያቃጠለሽ ልኩ ተዛብቶ ይሆናል። ጨው ሲበዛም ሲያንስም ያቃጥላል። ለ240 ሚሊ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨውና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል።

ውሃው በቀጥታ ከቧንቧ አይሁን። ለ1 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የምትኖሩ 3 ደቂቃ አድርጉት። ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ባልፈላ ውሃ ውስጥ አልፎ አልፎ ኔግሌሪያ የሚባል አሜባ ይገኛል፤ ሆድ የሚያመው አሜባ አይደለም። ቢጠጣ አይጎዳም፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል ከደረሰ ግን ይገድላል። እጅግ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም አልደራደርበትም።

ማጠቢያው ላይ ጎንበስ በይና ራስሽን ወደ ጎን አዘንብዪ። በአፍሽ እየተነፈስሽ ውሃውን በአፍንጫ ማጠቢያ ጠርሙስ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ አድርገሽ ጨምሪ፤ በታችኛው ይወጣል። ዓይንሽ ትንሽ ሊያነባ ይችላል። ስትጨርሺ በቀስታ ተናፈጪ። ጠርሙሱን አጥበሽ አድርቂው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄን እንፋሎት ላጥናት?

መልስ፦ በፍጹም! በተደፋ የፈላ ውሃ የተቃጠሉ ልጆች አይቻለሁ። ለአዋቂም ቢሆን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል እንጂ መድኃኒት አይደለም። በሞቀ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ፊት ላይ ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ መወተፍስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ሲወጣ የሚዘንበው ንፍጥ ሽንኩርቱ ራሱ አስቆጥቶ ያመጣው ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ ከጀመርኩ 2 ሳምንት ሆነኝ፤ ካልነፋሁት አልተነፍስም።

መልስ፦ አባቴ፣ አሁን የሚደፍንዎት ስፕሬዩ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ኦክሲሜታዞሊን ያለበት ስፕሬይ ከ3 ቀን በላይ አይወሰድም፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ያሳብጣል። ሐኪም ያማክሩ፣ እንዴት እንደሚያቆሙት ይነግርዎታል። ለሌሊቱ ትራስ ደርበው ከፍ ብለው ይተኙ።

ጥያቄ፦ እስከ መቼ ቤት ልታከም?

መልስ፦ 10 ቀን ካለፈው፣ ወይም ተሽሎህ ከነበረ በኋላ ከባሰብህ ሐኪም ጋ ሂድ። ለ3 ቀን ያልበረደ 39 ዲግሪ ትኩሳትም እንደዚያው። ዓይንህ ዙሪያውን ካበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየህ፣ አንገትህ ከገተረ ወይም ራስ ምታቱ ከዚህ በፊት አይተኸው የማታውቀው ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግባ።