የመኪና ቴፕ ስለ መቀየር፦ ጋሽ ቴስተር ይመልሳሉ

ጋሽ ቴስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴን ዛሬ ጭጋግ ውጧታል፣ ሥራም ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ እስከ መግሪብ ድረስ ስለ መኪና ቴፕ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ የፋብሪካውን ሶኬት አትቁረጡ። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ነጋቲቭ ፍቱ። የመኪናውን ዓይነትና የባትሪውን ቮልት ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ፤ ጠንቋይ አይደለሁም።

ባለ ኮሮላ (ሐይቅ)፦ ጋሽ ቴስተር እንደምን ዋሉ? መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ ባለ 12 ቮልት። ባለ 7 ኢንች ስክሪን ገዝቻለሁ። የሸጠልኝ ልጅ «የድሮውን ሶኬት ቆርጠን ቀለሙን እያየን እንቀጥላለን» አለኝ። ልስማማ?

ጋሽ ቴስተር፦ አትስማማ። አዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው ቦዲ የሚሄደው ነጋቲቭ። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ቋሚው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ቢጫ መስመር ባለው ሰማያዊ ሽቦ ነው፤ የቁልፉ ግራጫ፣ ማሳው ቡኒ። አሁን አስበው። የአዲሱ ቴፕ ሰማያዊ ሽቦ አንቴና ወይም አምፕሊፋየር ለማስነሳት ኤሌክትሪክ የሚያወጣ እንጂ የሚቀበል አይደለም። ያ ልጅ ሰማያዊን ከሰማያዊ ሲያገናኝ የባትሪህን 12 ቮልት በመውጫው በር ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ቴፑ «ከፋብሪካው ነው የተበላሸው» ይባላል።

የቶዮታው ሶኬት ሁለት ነው፦ ባለ 10 እግርና ባለ 6 እግር። ለእሱ ልክ የሆነ መቀየሪያ ሶኬት ይሸጣል። ከአዲሱ ቴፕ ሽቦ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ በካውያ አስበይደው፣ መኪናው ውስጥ መሰካት ብቻ ይቀርሃል። መኪናውን በምትሸጥበት ቀን የድሮውን ቴፕ መልሰህ ትሰካለህ። ከመበየድህ በፊት ግን እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ለካ፤ ከአንተ በፊት ማን እንደነካካው አታውቅም።

ሌላው ነገር ፍሬሙ ነው። የቶዮታው ቀዳዳ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መደበኛው ሰፊ ቴፕ ግን 18 በ10። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀርሃል፤ የሚሞላው ፕላስቲክ ስላለ አብረህ ግዛ፣ በካርቶን አትድፈነው። ዙሪያውን ያለውን ሽፋን በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፤ በጣትህ ቀስ ብለህ ሳበው፣ ቋ ቋ እያለ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከኋላው አራት ቦሎን ታገኛለህ፤ 10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታዋል። በዚያ አካባቢ ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤር ባግ ነው፣ እጅህን አንሣ።

ስም የለሽ፦ ቴፔ ድምፅ የለውም፣ ምን ይሻላል?

ጋሽ ቴስተር፦ የምን መኪና? ስንት ቮልት? መብራቱ ይበራል ወይስ ጭራሽ ሞቷል? መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

የኮምቦልቻው ሾፌር፦ ጋሼ፣ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው የምነዳው፣ 24 ቮልት። ኮምቦልቻ ሚሌ ነው መስመሬ። አንድ ኤሌክትሪሻን ቴፑን ከአንደኛው ባትሪ ላይ ጠልፎ 12 ቮልት አድርጎ ገጠመልኝ። ቴፑ ጥሩ ይሠራል። ከሁለት ወር በኋላ ግን አንደኛው ባትሪ ውሃ ይጨርሳል፣ ሌላው ጠዋት ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) አያዞርም። ይገናኛል?

ጋሽ ቴስተር፦ ወንድሜ፣ በትክክል ይገናኛል! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ሁለቱ ባትሪዎች በተርታ የተያያዙ ናቸው፤ ዲናሞው የሚልከው ኤሌክትሪክ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ለሁለቱም የሚደርሳቸው እኩል ነው። ቴፑ የሚበላው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። ቴፕህ አምፕሊፋየር ይዞ 5 አምፒር ይጠጣል እንበል፤ ስምንት ሰዓት ስትነዳ 40 አምፒር-ሰዓት ሆነ። የተጠለፈው ባትሪ በየቀኑ ያንን ያህል ዕዳ ይዞ ያድራል፣ ወንድሙ ግን ጠግቦ። ዲናሞው ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው፤ ድምሩን ወደ 28 ቮልት ያደርስና ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። የተራበው 12.4 ላይ ከቆመ ለጠገበው 15.6 ይደርሰዋል ማለት ነው። 15.6 ባትሪ መሙላት አይደለም፣ ማፍላት ነው። ውሃ የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ጠዋት የሚያሳፍርህ ደግሞ የተራበው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና መጥቶልኝ የሁለቱንም ባትሪ ቡሽ ከፈትኩ። በአንዱ ውስጥ ውሃው እስከ አንገቱ ድረስ ነው። በሌላው ውስጥ ሰሌዳዎቹ ራሳቸውን አውጥተው ነጭ ሆነዋል፣ ጎኑ አብጧል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ባለቤቱ «ባትሪ ሻጩ አታለለኝ» እያለ ነበር።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። የቴፑ ፊውዝ 10 አምፒር ከሆነ ኮንቨርተሩም ከዚያ አይነስ፤ የተጻፈበትን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመነው፣ ከፍ ያለውን ግዛ። ከብረት ጋር አስጠግተህ እሰረው፤ ይግላል፣ የሚሌ ሙቀት ደግሞ አያግዘውም። መግቢያው ሽቦ ላይ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ።

ባለ ሲኖ፦ ጋሽ ቴስተር ይቅርታ ያድርጉልኝና ያጋንናሉ። እኔ ከሁለቱ ባትሪ መሀል 12 ቮልት ጠልፌ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ጋሽ ቴስተር፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ባትሪ ቀየርክ?

ባለ ሲኖ፦ ሁለት ጊዜ። ግን እሱ ከመንገዱ ነው።

ጋሽ ቴስተር፦ እሺ፣ ከመንገዱ ነው።

የባትሪ ቤት ልጅ፦ በየወሩ የባትሪዎቹን ቦታ ብናለዋውጥስ? እኛ ጋ የሚመጡ ሾፌሮች እንደዚያ ያደርጋሉ።

ጋሽ ቴስተር፦ በየወሩ ቦሎን ከመፍታት ኮንቨርተር መግዛት ይቀላል። ሁለቱን የሚያመጣጥን ባላንሰር የሚባል ዕቃ መኖሩን አውቃለሁ፤ በደንብ የተገጠመ ከሆነ አልቃወምም። ያለ እሱ ከመሀል አትጥለፉ።

ባለ ቪትዝ (ደሴ)፦ መኪናዬ ከጃፓን የመጣ፣ መሪው ወደ ግራ የዞረ ቪትዝ ነው። የፋብሪካው ቴፕ ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው፣ ኤፍ ኤሙ ከ76 እስከ 90 ብቻ። ማስፋፊያ የሚባለውን ትንሽ ሳጥን ልግጠም ወይስ ቴፑን ልቀይር?

ጋሽ ቴስተር፦ ቀይረው። ሳጥኑ የሚሠራው ጣቢያውን ወደ ታች በማውረድ ነው። 14 የሚቀንስ ከሆነ አዲስ አበባ ስትሄድ ፋና 98.1ን በ84.1፣ ሸገር 102.1ን በ88.1 ታገኛለህ። ከ90 በታች ያለውና ከ104 በላይ ያለው ግን ይጠፋብሃል። ጣቢያ በፈለግህ ቁጥር ስትቀንስ ልትኖር ነው? አዲሱን ስትገጥም ደግሞ የሬዲዮውን ክልል አውሮፓ ላይ አድርገው። አሜሪካ ላይ ከተውከው በ0.2 እየዘለለ ስለሚሄድ ከነጥብ በኋላ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ጣቢያዎች ብቻ ይይዝልሃል። የአንቴናውን ማስነሻ ሰማያዊ ሽቦም አትርሳ፤ አንቴናህ ማጉያ ካለው ያለዚያ ሽቦ ደንቆሮ ነው። ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ግን የትኛውም ቴፕ ይንሿሿል፤ ያ የተራራው ሥራ ነው።

ሌላ ባለ ቪትዝ፦ የእኔም ኤፍ ኤም 90 ላይ ይቆማል፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ ቴስተር፦ አንድ መስመር ወደ ላይ ተመልከት።

እህት ከወልዲያ፦ ጋሽ ቴስተር፣ ያሪስ ናት፣ 12 ቮልት። አንድሮይድ ስክሪን ካስገጠምኩ ወዲህ ሁለት ቀን ካቆምኳት አትነሣም። ባትሪው አዲስ ነው።

ጋሽ ቴስተር፦ አብሽሪ እህቴ፣ አስተካክለሽ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ቀዩንና ቢጫውን ሽቦ አንድ ላይ ከባትሪ ጋር አገናኝተውልሽ ይሆናል፤ ስክሪኑ ቁልፍ መነሣቱን አያውቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። መለኪያው ይኸውልሽ፦ መኪናው ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የባትሪውን ነጋቲቭ ፍቱና ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው መሀል አስገቡት፤ ገመዱ ሲነካ የነቃው ሁሉ እስኪተኛ ትንሽ ታገሡ። ከ0.05 በታች ከሆነ ጤና ነው። በላይ ከሆነ የቴፑን ፊውዝ ንቀሉ፤ ቁጥሩ ከወረደ ሌባው ተያዘ። ቴስተሩ በመሀል እያለ ሞተር ለማስነሣት እንዳትሞክሩ፣ ይቃጠላል።

ባለ ዶልፊን፦ አዲስ ቴፕ ገጥሜ በአሥር ደቂቃ ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስፒከሮቹ የድሮ ናቸው፣ አራት። 12 ቮልት ነው።

ጋሽ ቴስተር፦ የድሮ ሚኒባስ ላይ የስፒከሩን ነጋቲቭ ከቦዲው ጋር አስረው ያሳጥሩ ነበር። ያኔ ይሠራ ነበር። የዛሬ ቴፕ ግን በሁለቱም የስፒከር ሽቦ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ አንዱ ቦዲ ከነካ ቺፑን እያቃጠልከው ነው፣ ዛሬውኑ ንቀለው። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የራሱ ሽቦ ዘርጋ። ፕላሱን ለመለየት የእጅ ባትሪ ድንጋይ በቂ ነው፦ ቴፑ ያልተሰካበት ሽቦ ጫፍ ላይ ነካ አድርገው፣ ስፒከሩ ጭ ይላል። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩን ፕላስ የነካው ሽቦ ፕላስ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። አንዱ ተገልብጦ ሌላው ከቀና ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

የወልዲያ ልጅ፦ ስለ ቤዝ ካነሡ፣ ባለ 1000 ዋት ቴፕ ገዝቼ ቤዙ ደካማ ነው።

ጋሽ ቴስተር፦ ፊውዙን ተመልከት። 10 አምፒር ከሆነ በ14 ቮልት አባዛው፣ 140 ዋት ነው። ለአራት ስፒከር ሲካፈል፣ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ፣ ለአንዱ 20 ቢደርሰው ነው። 1000ው ካርቶኑ ላይ ነው ያለው። ደግሞስ ቤዙን ሁሉ ወደ ላይ ሰቅላችሁ የመሀሉን ድምፅ ስትቀብሩት ማሲንቆው የት ይግባ? የማሲንቆ ነፍስ መሀል ላይ ናት።

ባለ ሲኖ፦ ለረጅም መንገድ አምባሰል ነው፣ እንቅልፍ ያባርራል።

የባቲ ልጅ፦ ባቲ እያለ? ሰኞ ገበያ ውለህ ስትመለስ ባቲ ቅኝት ካልሰማህ መንገዱ አያልቅም።

የወልዲያ ልጅ፦ ሁለታችሁም ትዝታን ረሳችሁ።

ባለ ሲኖ፦ ትዝታ ለሾፌር አይሆንም፣ መሪ ያስለቅቃል።

ጋሽ ቴስተር፦ አራቱም ቅኝት የወሎ ነው፣ ተስማሙ። አንቺ ሆዬን ማንም አላነሣትም፣ እሱ ነው የገረመኝ። ወደ ሽቦው እንመለስ።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪና፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬን ስክሪን በሌላ መቀየር እችላለሁ?

ጋሽ ቴስተር፦ አይሆንም። ያ ስክሪን ማቀዝቀዣውንም የመኪናውን ቅንብርም ይዟል። ብርቱካናማ ገመድ ደግሞ አትንካ፣ ከፍተኛ ቮልት ያለበት ነው።

ስም የለሽ፦ ጥሩ ቴፕ ስንት ብር ይገኛል?

ጋሽ ቴስተር፦ ሻጭ አይደለሁም።

ባለ ኮሮላ (ሐይቅ)፦ ጋሼ፣ ልጁ «መቀየሪያ ሶኬት የለም፣ ቆርጠን በናስትሮ እንጠቅልለው» አለ።

ጋሽ ቴስተር፦ ናስትሮው በሙቀት ይላላል፣ ሽቦው ይገለጣል። ደሴ ና፣ ወይም ሌላ ሱቅ ጠይቅ። አትቁረጥ!

የኮምቦልቻው ሾፌር፦ ጋሼ፣ አሁን ሞተር አስነሥቼ ለካሁ። አንደኛው 15.4፣ የተጠለፈው 12.5 አለ።

ጋሽ ቴስተር፦ በል ሞተሩን አጥፋና ያንን የቴፕ ሽቦ አሁኑኑ ንቀል። ሲቀዘቅዝ የ15.4ቱን ቡሽ ክፈት፤ ውሃው ከሰሌዳው በታች ከሆነ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምር፣ አሲድ አትጨምር። ሲጋራ ይዘህ አትቅረብ። የተራበውን ለብቻው በቻርጀር ሙላው። ነገ ሁለቱንም ለክተህ ንገረኝ።