ጀርባዋ ነጭ፣ ፊቷ ጥቁር

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ የምትኖር ኤሊ አለችን። በቅርቡ ካኖን ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ገዛሁና ፎቶ ላነሳት ሞከርኩ። ጀርባዋ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ፊቷ ግን ጥቁር ነው። ዓይኗ ጭራሽ አይታይም። በፍላሽ ሳነሳት ፕላስቲክ ትመስላለች። አይኤስኦውን ከፍም ዝቅም ባደርገው ያው ነው። ሌንስ ልቀይር?»

አትቀይሪ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። የላክሻቸውን ሦስቱንም ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ። ሦስቱም ቆመሽ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና የተነሱ ናቸው። የኤሊዋ ጥላ ከሆዷ ሥር ተሰብስቧል፣ ወደ ጎን አልወጣም። ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ ውስጥ የእኩለ ቀን ፀሐይ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች። ነሐሴ ላይም እንደዚያው ናት፣ ያኔ ግን ደመናው ያለሳልሳታል።

ኤሊ ደግሞ ጣራዋን ተሸክማ ነው የምትኖረው። የቅርፊቷ ጠርዝ ከአንገቷ በላይ ወጣ ብሎ እንደ ቤት ክፈፍ ያጠላል። ከላይ የሚመጣው ብርሃን ጀርባዋ ላይ ይቀራል እንጂ ፊቷ ጋ አይደርስም። አይኤስኦ ያልረዳሽም ለዚህ ነው። አይኤስኦ፣ ማለትም የካሜራው የብርሃን ትብነት፣ ጀርባዋንም ፊቷንም እኩል ከፍ ያደርጋል፣ እኩል ዝቅ ያደርጋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይነካውም። ልዩነቱን የሚያጠበው ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው።

የእኔ እንጀራ ሰርግ ነው። ሙሽሮችን ጣና ዳር በሰባት ሰዓት ፀሐይ ማንሳት ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። የሙሽራዋ ቅንድብ ዓይኗ ላይ ያጠላል፣ አፍንጫዋ ከንፈሯ ላይ ያጠላል። ያኔ ረዳቴ ነጭ የፎም ሰሌዳ ይዞ ከእግሯ ሥር ቁጭ ይላል። ብርሃኑ ከፎሙ ነጥሮ ከታች ወደ ላይ ይገባል፣ ፊቷም ይፈካል። ለኤሊሽም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም ነጭ ካርቶን ፈልጊ። ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከፊቷ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገሽ መሬት ላይ አንጥፊው። ከዚያ በካሜራው ሳይሆን በዓይንሽ ተመልከቻት። ጥቁር ጉድጓድ የነበረው ቦታ ላይ ጥቁር ቡናማ ክብ ዓይን ይወጣል። ክቡ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ታበራለች። ያቺ ነጥብ ከሌለች ፎቶው ምንም ያህል ቁልጭ ቢል ኤሊዋ የተኛች ትመስላለች። ነጥቧ እስክትታይ ድረስ ማዳበሪያውን ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቅሺው። የሚያብለጨልጭ ፎይል ግን ይቅርብሽ፤ ዓይኗን ይወጋታል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ምረጪ። ፀሐይዋ ገና ጋደል ያለች ናት። ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይ ስለሆነ በዚህ ሰዓት አንገቷን አውጥታ ትሞቃለች፣ ገና መንከራተት አልጀመረችም። ብርሃኑ ከበረታብሽ ሁለት ወንበር አቁመሽ ነጠላ ወጥሪባቸው፣ በፀሐይዋና በኤሊዋ መካከል። ነጠላው በቀረባት መጠን ብርሃኑ ይለሰልሳል። አንድ ድርብ ይበቃል። በነፋስ እንዳይውለበለብ ጫፉን እሰሪው፤ የሚንቀሳቀስ ጥላ ካየች ራሷን ትሰበስባለች።

አሁን ወደ ካሜራው። መደወያውን ኤም ላይ (ሁሉንም ራስሽ የምትወስኚበት)፣ ሌንሱን 55 ላይ (በጣም የሚያቀርብበት ጫፍ) አድርጊ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 400። ነጠላው ሥር ከዚህ ጀምሪ። ካነሳሽ በኋላ የቅርፊቷን ቢጫ ቦታዎች ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ እይ። ነጭ ከሆኑ ሹተሩን ወደ 1/400 አፍጥኚው። ፊቷ ትንሽ ቢጨልም አትጨነቂ። በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ፋይል) ካነሳሽ ጥላውን በኋላ ማውጣት ይቻላል፣ የነደደ ነጭ ግን አይመለስም።

ፎከሱን አንድ ነጥብ ብቻ አድርጊና ዓይኗ ላይ አሳርፊው። ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ከተውሽው ቅርብ የሆነውን ይወስዳል፣ ይኸውም አፍንጫዋ ወይም የፊት እግሯ ነው። ሌላው ስህተትሽ በጣም መጠጋትሽ ነው። ያ ሌንስ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያስጠጋል። ነገር ግን እዚያ ርቀት ላይ፣ በኤፍ 8 እንኳ፣ ጥርት የሚለው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስፋት ነው። ዓይኗ ሲጠራ አፍንጫዋ ይደበዝዛል። ግማሽ ሜትር ያህል ራቂ። የሚጠራው ስፋት ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ትርፉን በኋላ ትቆርጪዋለሽ። ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ከጎን ብታነሻት ደግሞ ዓይኗና አፍንጫዋ ለሌንሱ ተቀራራቢ ርቀት ላይ ይሆናሉ።

የካሜራው ፍላሽ ይዘጋ። የኤሊ ቅርፊት የላይኛው ሽፋን ልክ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ነው፣ ለስላሳ ሲሆን ያብለጨልጫል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስላለ ብልጭታው ተመልሶ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባል። ፕላስቲክ ያስመሰላት እሱ ነው። የግድ ገንዘብ ላውጣ ካልሽ ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ግዢ። ፊቱን ስታዞሪው የቅርፊቱ ብልጭታ ሲጠፋና እውነተኛው ቀለም ሲወጣ ታያለሽ። ብርሃን ስለሚበላ አይኤስኦውን ወደ 800 ወይም 1600 ማሳደግ ይኖርብሻል። መጠኑ ሌንሱ ፊት ላይ ተጽፏል፤ በአብዛኞቹ የካኖን 18-55 ሌንሶች 58 ሚሊ ሜትር ነው።

ከማንጎ ዛፍ ሥር ፎቶ አታንሻት። አንድ ጊዜ ዘጌ ቡናው ውስጥ እስስት አንስቼ ቤት ገብቼ ስከፍተው ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር። ግንዱም፣ ቅርንጫፉን የያዘው የጓደኛዬ እጅም። በቅጠል ውስጥ አልፎ የሚመጣ ብርሃን ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሌላ ቦታ ከሌለሽ እዚያው ብርሃን ላይ ነጭ ወረቀት ፎቶ አንሺና ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማመጣጠኛ) በእሱ አስተካክዪ።

አሁን ደግሞ ስለ ኤሊዋ ራሷ። እባክሽ ጠረጴዛ ላይ አታውጫት። የመጀመሪያዋን ኤሊ ሳነሳ እንደዚያ አድርጌ ነበር። ስትደነግጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ለቀቀች፣ ከዚያም ራሷን ሰብስባ ቀረች። በበጋ ያ ውሃ ለኤሊ ትልቅ ነገር ነው፤ አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። ንቅንቅ ሳይሉ እንዲቆሙ ብለው እንሽላሊትና ኤሊ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገቡም አሉ። ይህ ማሰቃየት ነው፣ ሊገድላቸውም ይችላል። ቅርፊቷ እንዲያምር ዘይትም አትቀቢያት። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው፣ በቃ።

ሰሌን አንጥፊና በደረትሽ ተኚ፣ ሁለቱ ክርኖችሽ መሬት ይንኩ። ሌንሱ ከዓይኗ እኩል ይሁን። ጥላሽ እንዳያርፍባት። ኤሊ የእግር ኮቴን ከመሬቱ ንዝረት ስለምታውቅ ልጆቹ ለግማሽ ሰዓት ሌላ ቦታ ይጫወቱ። ከማዳበሪያው ወዲህ አንድ ቅጠል ጎመን ወይም ትኩስ ሣር አስቀምጪላት። ስትበላ አንገቷን ትዘረጋለች፣ ፊቷም ከጣራው ሥር ይወጣል። አፏን ስትከፍት አትቸኩዪ። ቆርጣ ቀና የምትልባት ቅጽበት አለች፣ ያኔ ተከታታይ አንሺ።

ጣና ዳር ድንጋይ ላይ የሚሞቀውን አርጃኖም ማንሳት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። በዚህ ሌንስ አይሆንም፣ በጣም መጠጋት ይጠይቃልና። አርጃኖ ጥግ ከያዝሽበት በጅራቱ ይገርፋል፣ ይነክሳልም። ቢያንስ እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ሰው ካገኘሽ ተዋሺ፣ ከሩቅ አንሺው።

አዲሱን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኪልኝ እንደ ፋይል ይሁን። እንደ ፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል፣ እኔ ደግሞ ዓይኗ ላይ ያለችውን ነጥብ ማየት እፈልጋለሁ።