«ድራመሩ ከሄደ ቡድኑ አበቃ» ለሚለው ጓደኛህ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ ሠፈር ነው፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ልጅ ሳለሁ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የነበረው አጎቴ አንድ ካሴት አመጣልኝ። ሽፋኑ ላይ የተሳለው አጽም ስላሳቀው ገዛው እንጂ የማን ሙዚቃ እንደሆነ አያውቅም ነበር። አያቴ «ይህን ጋኔን ከቤቴ አውጡልኝ» ብለው ሦስት ቀን ደጅ አሳደሩት። የእንግሊዞቹን የሄቪ ሜታል (የከባድ ሮክ) ቡድን፣ የአይረን ሜይደንን ሙዚቃ የለመድኩት በዚያ ካሴት ነው። አሁን ቡድኑን የምንወድ አራት ጓደኛሞች ነን። ድራመሩ ኒኮ ማክብሬን ከመድረክ ጉዞ መሰናበቱን ከሰማን ወዲህ ግን ሰላም የለንም። አንዱ «ያለ እሱ ቡድኑ አበቃለት፤ የቀረው ስሙ ነው» ብሎ ቲሸርቱን ለወንድሙ ሰጠው። ሌላው «ድራመር እንደ ጎማ ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል» አለ። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ በዚህ ተጣልተው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው፦ ሰውዬው መሰናበቱን የተናገረው የመጨረሻው ኮንሰርት ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ከ42 ዓመት በኋላ እንዲህ ይደረጋል? ከሦስታችን ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አብሽር ልጄ፤ በድራመር የሚጣላ ሰው ደሴ ውስጥ መኖሩ ራሱ ደስ ብሎኛል። እኔ ድራም እመታ በነበረ ጊዜ ሰው የሚያየው ዘፋኙን ነበር፤ እኔን የሚያየኝ መብራት የሚያስተካክለው ልጅ ብቻ ነው።

ከጎማው ልጀምር። የሹፌር ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ ጓደኛህ እንዲህ ማለቱ ያስቃል። ጎማ የሚቀየረው መኪናው ዳር ይዞ፣ ድንጋይ ተደርጎለት ነው። ድራመር የሚቀየረው መኪናው የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ነው። ዘፋኝ ግጥም ቢስት ሕዝቡ ያነሳለታል፤ ጊታር ክር ቢበጥስ ሌላው ይሸፍነዋል። ድራመር ሲዘገይ ግን አምስቱም አብረው ይዘገያሉ፤ ሲቸኩልም አብረው ይወድቃሉ።

አሁን ስለ ሰውዬው ልንገርህ። ማክብሬን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ውስጥ ነው፤ አይረን ሜይደንን የተቀላቀለው በ1982 መጨረሻ ነው። በ1983 በወጣው፣ ከቡድኑ ጋር በሠራው የመጀመሪያ አልበም ላይ ከሁሉም በፊት የሚሰማው የእሱ ድራም ነው፤ «መጣሁ» ማለት እንዲህ ነው። በሄቪ ሜታል ዓለም ብዙዎች ትልቁን የእግር ድራም በሁለት እግር፣ በሁለት ፔዳል ይመቱታል። እሱ ከጥቂት ቦታ በቀር በአንድ ፔዳል፣ በቀኝ እግሩ ብቻ ነው የኖረው። ሁለት እግር የሚመቱ ድራመሮች ቪዲዮውን እየመለሱ ያያሉ፤ እኔም አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ያ ሁሉ ምት ከአንድ እግር መውጣቱን እስከ ዛሬ አላመንኩም።

እንግዲህ ይህን ይዘህ የሚቀጥለውን ስማ። በጥር 2015 ዓ.ም. በአእምሮው ላይ የደም ዝውውር ችግር ደረሰበትና ቀኝ ጎኑ ከትከሻው እስከ ጣቶቹ ሰነፈበት። ቀኙ! የሙያው ምሰሶ የቆመበት ወገን። ጉዞው ሊጀመር የቀረው ጥቂት ወር ነበር። ሰውዬው እንደ ሕፃን እጁን መልሶ አስተምሮ ግንቦት ላይ መድረክ ወጣ፤ ለአድማጭ የተናገረው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። ድሮ በቀላሉ የሚወጣቸውን አንዳንድ ፈጣን ምቶች እንደ ቀድሞው መምታት እንዳልቻለም አልደበቀም። እንዲያም ሆኖ ሌላ ዓመት ተኩል ያህል ተጓዘ። ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ ሲያበቃ 72 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሁለት ሰዓት ያህል አራቱን እጅና እግር ለየብቻ ማዘዝ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ እጅህን ሆድህ ላይ እያሸህ በሌላው ራስህን ምታ፤ ከዚያ እግሮችህን ጨምርበት።

ቲሸርቱን ለሰጠው ጓደኛህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ቡድኑን ስቲቭ ሃሪስ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ማክብሬን ሲመጣ ወንበሩ ባዶ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች የመታው ክላይቭ በር ነበር፤ ከእሱ በፊትም ሌሎች ነበሩ። ዛሬ ድረስ «ከክላይቭ በኋላ ያው አይደለም» የሚሉ ሽማግሌ አድማጮች አሉ። ጓደኛህ «ያለ እሱ ቡድን የለም» የሚለው ሰው በጊዜው መጤው ልጅ ነበር ማለት ነው። በነገራችን ላይ ክላይቭ በር በኋላ በነርቭ በሽታ ሲያዝ የቀድሞ ጓደኞቹ ለእሱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት አዘጋጅተውለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈ።

ማክብሬንን የተካው ሳይመን ዳውሰን ነው። ብዙ አድማጭ «ይህ ደግሞ ማን ነው?» አለ። ሃሪስ ከሜይደን ውጭ ብሪቲሽ ላየን የሚባል ቡድን አለው፤ ዳውሰን ለዓመታት እዚያ አብሮት መትቷል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም። የድራም ቀኝ እግርና የቤዝ (የወፍራም ድምፅ) ጊታር ጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሃሪስ ደግሞ ቤዝ ተጫዋቹም የቡድኑ ራስም ነው። ስመ ጥር ሰው ማምጣት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ትንፋሹን የሚያውቀውን ሰው መረጠ። ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ አዲሱ ሰው ጀመረ። ድምፁ ያው ነው ወይ? አይደለም። ቲሸርቱን የሰጠው ጓደኛህ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑንም አልክደውም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ። ግን «ያው አይደለም» እና «አበቃ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንተ ወደ ከፋህ ልምጣ፤ በመጨረሻው ሰዓት ወደ መናገሩ። እዚህ ላይ የራሴን ነው የምነግርህ።

እኔ 17 ዓመት ድራም መትቻለሁ፤ መጀመሪያ በቀበሌ ኪነት፣ ኋላ በሠርግና በሆቴል። የቀኝ እጄ አንጓ ማበጥ ጀመረ። ሌሊት በጨው ውኃ እነክረዋለሁ፤ ቀን ስቲክ (የድራም መምቻ ዘንግ) እይዛለሁ። ለጓደኞቼ የነገርኳቸው አንድ ሠርግ አልቆ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገመድ እየጠቀለልን ሳለ ነው። ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ እያንዳንዱ ሠርግ የእኔ ልቅሶ ይሆን ነበር፤ ዘፋኙ በየመሐሉ ዞሮ ያየኛል፤ እኔም የሚያየኝን ስጠብቅ ምቱ ይጠፋብኛል። ማክብሬን ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ልቡን አላውቅም፤ እኔ ግን ያደረግሁት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ ያገኘኝ ሰው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «በምን ተጣላችሁ?» አልተጣላንም ብል የሚያምነኝ አልነበረም። «ገንዘብ ነው አይደል?» ይሉኛል። እጄን አሳያቸዋለሁ፤ እጄን አይተው «እሺ፣ ግን በምን ተጣላችሁ?» ይሉኛል። ሰው የሚወደው ነገር በሕመም ብቻ ማለቁን አይቀበልም፤ ጥፋተኛ ያስፈልገዋል።

እኔን የተካው ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ ነው። ሐይቅ በአንድ ሠርግ ላይ ተጋብዤ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። ልጁ ጥሩ ነበር፤ ብቻ ፈጠን ያለው ዜማ ላይ ቀኝ እጁ ትንሽ ይጎተታል። ከኋላ አንድ ሞቅ ያለው ሰው ስሜን ጠርቶ «እሱን አምጡልን!» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀጥሎ የልጁን ፊት አየሁና ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በእረፍት ሰዓት ወደ መድረኩ ሄድኩ። መቀመጫው እኔ እንደተውኩት ነበር። በእኔ ቁመት ልክ! ልጁ ከእኔ በአንድ ስንዝር ይረዝማል፤ ጉልበቱ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነው ስንት ሠርግ የመታው፤ ለመንካት አፍሮ ነው። ቡሎኑን ፈትቼ አራት ጣት ከፍ አደረግሁለት። ከእረፍት በኋላ እጁ አልተጎተተም።

ያደግሁት አረብ ገንዳ አካባቢ ነው፤ ከአንድ ወገን የመንዙማውን ድቤ፣ ከሌላው ወገን የማኅሌቱን ከበሮ እየሰማሁ። ሌሊቱን ከበሮው ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው ሲሻገር ከውጭ ሆነህ ብትሰማ አይታወቅህም። እዚያ ማንም የመቺውን ስም አይጠራም። ሮክ ላይ ግን ስም ይጠራል፤ ፖስተር ላይ ፊት አለ፤ ስለዚህም ያማል። ጓደኞችህን አንድ ላይ አስቀምጣቸውና አዲሱን ሰው አንድ ሙሉ ኮንሰርት አሰማቸው። ቲሸርቱንም ከወንድሙ ያስመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ፤ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። ድራም መማር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ድራም የለኝም። እናቴም ጫጫታ አትወድም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ጀምሪ፤ ጣውላ ላይ አስቀምጪና ምቺው፤ ድምፁ ከበር አያልፍም። ስልክሽ ላይ ምት ቆጣሪ ጫኚና በደቂቃ 60 ላይ አድርጊው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ። ሁለቱ እጆች እኩል እስኪሰሙ ድረስ አታፍጥኚ። ስቲኩን ወፍ እንደያዝሽ ያዢው፤ አትጨብጪው። እኔ 17 ዓመት ጨብጬዋለሁ።